ወራሽ ያጣ አፀድ

የጓሳ አምባ ሚካኤል ቄሰ ገበዝ ወልደኢየሱስ ከጎንደር ገበያ የገዙትን አዳዲስ ገጀራ በጆንያ ጠቅልለው፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት መስቀላቸውን ከተሳለመች በኋላ ጆንያውን አየት አድርጋ፣

«አባ፣ ይህ ሁሉ ገጀራ ለምን ይሆን?» ስትል በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«ለኅዳር ሚካኤል ነዋ ልጄ! ነገ ምእመኑን ጠርቼ የአፀዱን፣ የደብሩን ዛፎች ሥር አስመነጥራለሁ። ታቦቱ ሲወጣ ጥሻ ልብሱን ይያዘው እንዴ?»

ይህን ሲሉ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። ቢኮሩም አይፈረድባቸውም፤ በወገራ እንደ እርሳቸው ደብር የጸዳ ደጅ አልነበረም።

ወጣቷ ናዝራዊት ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ሥራዋ ከሰማይ የተነሡ የድሮና የዘንድሮ ፎቶዎችን እያስተያየች፣ የአገሩ ደን መጨመር መቀነሱን ማጥናት ነው። እንዳጋጣሚ ሆኖ የምትሄደው የእርሳቸውኑ አፀድ ለማየት ኖሯል። ስልኳን አውጥታ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ብታሳያቸው ቄሰ ገበዙ ፈነደቁ።

«አየሽ! አንዲት ጋት አልቀነሰም! ዙሪያው አገርማ ጭራሽ ለምልሟል!»

«ዙሪያው የለመለመው ባሕር ዛፍ ነው አባ። ከላይ ሲያዩት ሁሉም አረንጓዴ ነውና ያታልላል። የእርስዎ አፀድ ግን እንዳለ አለ። ከጥላው ሥር ያለውን ፎቶ ስለማያሳየኝ ነው በእግሬ መምጣቴ።»

«ከጥላው ሥርማ ምን አለና! ጥርግ ያለ ነው!»

ናዝራዊት «ደርሰን እናየዋለን» ብላ ስልኳን ከተተች። መልሷ አልጣማቸውም፤ ክርክር የሚወዱ ቄስ ናቸውና እስኪደርሱ ተቁነጠነጡ።

አፀዱ ውስጥ እንደ ገቡ ናዝራዊት ሽቅብ አንጋጣ፣ «ከእነዚህ ጽዶች ለጋው የቱ ነው አባ?» አለች።

«እኔ በዲቁና ስመጣም እንዲሁ ትልልቅ ነበሩ።»

«ልጆቻቸውስ የት አሉ?»

ቄሰ ገበዙ ዙሪያቸውን ቃኙ። እሷም ተንበርክካ ቅጠሉን ገለጥ ስታደርግ ጣት የማታክል የጽድ ቡቃያ ብቅ አለች። ከአጠገቧ ደግሞ ሥሩ ክንድ የሚያህል፣ ቁመቱ ግን ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ወይራ ነበር።

«ይህን ይዩልኝ። በየኅዳሩ ይቆረጣል፤ በየክረምቱ ያቆጠቁጣል። ጥሻ አይደለም፤ ዛፍ ነው።»

ቄሰ ገበዙ ክው አሉ። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«አባቶቻችን ሲመነጥሩ የኖሩትን ሥርዓት ልታፈርሺ መጣሽ?»

«እግዜር ያሳይዎ! ተራራው ሁሉ ሲራቆት ይህ የተረፈው በእናንተ ጥበቃ አይደለም እንዴ? ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ዲያቆን የሌለው ደብር ምን ይሆናል?»

«ቅዳሴው ይታጎላል።»

«አፀዱስ? እነዚህ አዛውንቶች አንድ በአንድ ሲወድቁ ማን ይተካቸዋል? ያን ጊዜ ከሰማይ የሚነሣው ፎቶ መመናመኑን ይነግረናል፤ የወደቀውን ግን አያቆምልንም።»

ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብለው ወይራዋን ዳሰሱ። የገጀራውን ጆንያም ከቡቃያዋ ራቅ አድርገው አስቀመጡት።

በማግስቱ ምእመኑ ሲሰበሰብ «የምንጠርገው ታቦቱ የሚዞርበትንና ሕዝቡ የሚቆምበትን ብቻ ነው፤ ሌላው አይነካም» አሉ። የሰንበቴ ማኅበሩ መሪ፣ ሙሴዋ እማሆይ የዓለምወርቅ ቱግ አሉ።

«ምነው አባ! ሚካኤልን በጥሻ ውስጥ ልናነግሠው ነው?»

«ጥሻ ያልነው የአፀዱ ልጅ ነው እማሆይ! ቅጥሩን ጠግነን ከብት ከከለከልነው ያድጋል። ዝናብ አፈራችንን ጠርጎ አይወስድም፤ ከታች ያለው ጠበላችን በበጋ አይነጥፍም፤ መቅደሱ ሲያረጅም ምሰሶ ፍለጋ አገር ለአገር አንዞርም። ልጆቻችን ጥላ ያገኛሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ከዚያ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አፀድ ቡቃያ የሚቆርጥ ቢኖር በሚካኤል ስም ገዝቼዋለሁ! እኔም ብሆን!» አሉ።

ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የቆመበትን መሬት ያይ ጀመር፤ ከሁሉም ቀድመው እግራቸውን ያነሡት እማሆይ የዓለምወርቅ ነበሩ።