የፈለቀ የጤና ካርድ

እኔ ጎጃም በረንዳ ቅቤ መሸጥ በጀመርኩበት ጊዜ፣ ሆዱ ውስጥ ትል አለ ተብሎ የሚያፍር ሰው አልነበረም። ስማኝ! ሁላችንም ጥሬ ሥጋ እንበላለን፣ ታዲያ በየሁለት ወሩ ኮሶ እንጠጣለን፣ በቃ። ሰው መጥቶ «ባለሱቁ የት ሄደ?» ሲል ጎረቤትህ «ዛሬ ኮሶ ጠጥቷል» ይለዋል፣ እና ሰውየው «ያሽረው» ብሎ ይሄዳል። ሀብታሙም ድሃውም ያው ነው። ማን በማን ይስቃል?

አሁን ግን ንቀቱ! ይሄ ፈለቀ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ክትፎ ቤት ያለው። ቤቱን ያቆመችለት ዘነበች ናት፣ ወጥ ቤቷ። አራት ልጅ በዚያች ደሞዝ የምታሳድግ ሴት። ታዲያ ምግብ የሚነካ ሁሉ በየዓመቱ ሰገራውን አስመርምሮ ካርድ ማደስ አለበት፣ ፈለቀም ጭምር፣ ሥጋውን የሚከትፈው እሱ ነዋ።

እና አንድ ቀን እዚያው ምሳ እየበላሁ የሁለቱም ውጤት መጣ። ፈለቀ የራሱን ሳይከፍት ኪሱ ከተተና የሷን ከፍቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ጃርዲያ! ጃርዲያ ተገኝቶብሻል! በዚህ እጅሽ ነው ሰው የምታበይው? ሽርጥሽን አውልቀሽ ውጪልኝ!» ኧረ ተው! ከደንበኛው አንዱማ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ታማ ታውቃለች?» አልኩት።

«ባትታመምስ? ትሉ አለ አይደል!»

«ያንተስ ወረቀት?»

«የኔማ ሁልጊዜ ንጹህ ነው ጋሼ ወልዴ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ! እኔ ጤነኛ ሰው ነኝ» ብሎ ደረቱን ነፋ።

ዘነበች ሽርጧን እየፈታች፣ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም የሰገራ ዕቃ የሞላሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ያፍራሉ። ዘንድሮም እኔው ነኝ፣ ይክፈቱት» አለች።

እግዚኦ! ከኪሱ መንጭቄ ከፈትኩት። ጃርዲያ! የሷው ጃርዲያ፣ በሱ ስም! ደሜ ፈላ። በሷ ሆድ ንጹህ ሲባል ኖሮ፣ በሷው ሆድ ሊያባርራት! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ አይደለም እንዴ?

ክንዱን ይዤ ራጉኤል ጀርባ ወዳለው ክሊኒክ ወሰድኩት። «ጋሼ፣ ኧረ ሰው ያየናል!» ይላል በቀጭን ድምፅ። «ይይ! እኔም አብሬህ እሰጣለሁ» አልኩት። ሰጠን። ውጤቱ? እሱ የኮሶ ትልና አሜባ፣ እኔም፣ ይኸው እንደምታየኝ አንድ ቀን ተኝቼ የማላውቀው ሰውዬ፣ ጃርዲያ! የላቦራቶሪዋ ልጅ ግን አልሳቀችም። «አባባ፣ ምንም ሳያመው ይዞት የሚዞር ሰው ብዙ ነው። መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ ይድናል። ከሽንት ቤት በኋላ ግን እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» አለችኝ።

ሳሙና! እሱ ክትፎ ቤት ሽንት ቤቱ ውስጥ ውሃ እንኳ የለም እኮ! ዘነበች ስንቴ ለምናዋለች! «ሳሙና ቢቀመጥ ይሰረቃል» ነው መልሱ። በሳሙና ሰስቶ፣ ትሉን በሷ ላይ ያላክካል! ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

«ውሃና ሳሙና ታስገባለህ፣ በሰው ፊት እንደሰደብካት በሰው ፊት ይቅርታ ብለህ ትመልሳታለህ፣ አለዚያ ይቺን ወረቀትህን በርህ ላይ እለጥፋታለሁ» አልኩት።

መለሳት፣ ምን ያመጣል! መድኃኒቷን ጨርሳ፣ ዳግም ተመርምራ ገባች። አሁን ፈለቀ ከሽንት ቤት ሲወጣ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ጋሼ ፈለቀ፣ ታጥበዋል?» ትለዋለች፣ እና እሱ ተመልሶ ይገባል።

አንተስ፣ እየጻፍክ የምትስቀው፣ ተመርምረህ ታውቃለህ?

— እኔማ ጤነኛ ነኝ፣ ጋሼ።

በል ተነስ! ፈለቀም ያለኝ ይሄንኑ ነው።