በልጃቸው ስም የታተመው መጽሐፍ፤ የመምህር ገብረአምላክ ነገሬ ዜና ሕይወት

ዛሬ አፈር ልናለብሳቸው በዙሪያቸው የቆምነው መምህር ገብረአምላክ ነገሬ፣ ከአባታቸው ከአቶ ነገሬ ወልደማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰብሌ ኃይሌ፣ ከፋ ውስጥ ቦንጋ አጠገብ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው ወላጆቻቸው ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ አብረው መጥተው ኮልፌ አደጉ፤ ትምህርታቸውንም እዚሁ ከተማ ጨርሰው በሕንፃ ሥራ በዲፕሎማ ተመረቁ።

ለዘጠኝ ዓመታት በፎርማንነት ከሠሩ በኋላ ወደ መምህርነት ተዛውረው ሠላሳ ዓመት አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ እየሸመደዱ ግድግዳ ሲያጣምሙ ቢያዩ ተቆጭተው፣ ስለ መሠረት፣ ስለ ጭቃ ቤትና ስለ ድንጋይ ግንብ በአማርኛ ሦስት መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጁ፤ ከአስኮ እስከ ጦር ኃይሎች ስንቱ ግንበኛ እነዚያን ገጾች ሲሚንቶ በነካው እጁ ገልጧቸዋል።

በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጤናዬ አበጋዝ ጋር ተጋብተው አማኑንና ሩሃማን ወለዱ። ሩሃማ የአባቷን መጻሕፍት ስትገልጥ ብታድግም የዱር እንስሳትን ጥናት መረጠች፤ ቆሼ ቆሻሻ መጣያ ላይ ስለሚሰፍሩት አባ ኮዳ ስለሚባሉት ትልልቅ አሞራዎችና ስለ ጥንብ አንሳዎች መጽሐፍ እየጻፈች ሳለ፣ በ2010 ዓ.ም. ከመስክ ስትመለስ በመኪና አደጋ በሠላሳ አንድ ዓመቷ ተቀጠፈች።

መምህር ገብረአምላክ ዓመት ሙሉ የልጃቸውን ክፍል አልከፈቱም። በሙት ዓመቷ ማግስት ገብተው ዘጠኝ ማስታወሻ ደብተሮቿንና አምስተኛው ምዕራፍ መሐል የቆመ ጽሑፏን አገኙ። «እኔ ስለ ግድግዳ እንጂ ስለ ክንፍ ምን አውቃለሁ?» ብለው ቢያለቅሱ፣ ወይዘሮ ጤናዬ «እሷም ተምራ ነው ያወቀችው፤ ተማርላት» አሏቸው።

ተማሩም። በስድሳ አምስት ዓመታቸው የሩሃማን የርቀት መነጽር አንግተው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቆሼ ይወጡ ጀመር፤ እዚያ ቆሻሻ በመለየት የሚተዳደሩት ወይዘሮ ኢፍቱም፣ ሩሃማ የት ትቆም እንደነበረና የትኛው አሞራ በየትኛው ወቅት እንደሚመጣ እያሳዩ አስተማሯቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቆጠሩ፣ ጻፉ፣ ለባለሙያ አሳዩ፣ የተሳሳተውን ቀደው እንደገና ጻፉ። አሳታሚው ስማቸው ከልጃቸው ስም ጎን ይውጣ ብሎ ቢለምናቸው «የእሷ ነው» ብለው እምቢ አሉ።

የስኳር ሕመም ግን የዐይናቸውን ብርሃን ወሰደው። መጽሐፉ ባለፈው ጥር ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ማየት ስላልቻሉ፣ ባለቤታቸው ጣታቸውን ይዘው የሩሃማ ስም ላይ አኖሩላቸው፤ ለረጅም ጊዜም አላነሱትም። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ጤናዬ በየቀኑ ያነቡላቸው ነበር፤ ነገር ግን ልጃቸው ያቆመችበት ገጽ ላይ በደረሱ ቁጥር «እስቲ ከመጀመሪያው መልሽልኝ» ይሉ ስለነበር፣ ራሳቸው የጻፉትን አንድም ቀን ሳይሰሙ፣ ሕመሙ ኩላሊታቸውን ጎድቶ ባለፈው ረቡዕ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

መምህር ገብረአምላክ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን አማኑን፣ የልጅ ልጃቸውን ፀሎትንና ቁጥራቸውን እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሁለት ጊዜ ለተሰበረው ለወይዘሮ ጤናዬ ልብ እግዚአብሔር ራሱ ጠጋኝ ይሁንልን፤ የአባታችንንም ነፍስ ልጃቸው ሩሃማ ካለችበት በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።