ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ነፋስ

የምስክር ቃል፣ ካለፈው ገጽ የቀጠለ
ቃል ሰጪ፦ የአካባቢ ጥናት ባለሙያ፤ የተጠርጣሪው ሚስት ወንድም
ዕድሜ፦ 41
አድራሻ፦ ከወንዙ ማዶ፣ ባለ ሦስት ፎቁ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡10
ጉዳዩ፦ በኮምፖስት ጣቢያው በተነሣ እሳት የሰው ሕይወት ማለፍ

…ዱላው የሰው ቁመት ያህል ነበር። የነፋሱን አቅጣጫ እንዲያሳይ ጫፉ ላይ ቀይ ሪባን አሰርኩ። ሪባኑ የሚያመለክተውን አቅጣጫ በየሰዓቱ እጽፍ ነበር። ለአሥራ አራት ቀን እንዲህ አደረግሁ። መርማሪው ይህ ከእሳቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቆኛል። ከዚህ ካልጀመርኩ መናገር ስለማልችል እንዲታገሠኝ ለምኜዋለሁ።

ይህ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ከየግቢው የሚሰበሰብ ሣር፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ተከምሮ ኮምፖስት የሚሆንበት ጣቢያ ሊሠራ ነበር። ክምሩ የት ይቀመጥ የሚለውን ጥናት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቦታው ተዳፋት ነው። ከላይ ባዶ ሜዳ አለ። ከታች፣ ከአጥሩ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ፣ የሟች ቤት አለ። ሟች ልብስ ሰፊ ሴት ነበሩ፤ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ሳንባቸውን ያማቸው ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ቅጹ ላይ «በቅርብ የሚኖር የጤና ችግር ያለበት ሰው» የሚል መስመር አለ። እሱን በእጄ የሞላሁት እኔ ነኝ።

ነፋሱን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት መዘገብኩ። በአሥራ አራቱም ቀን ሪባኑ ወደ ላይ፣ ወደ ባዶው ሜዳ ያመለክት ነበር። ስለዚህ ክምሩ ታችኛው አጥር አጠገብ፣ መኪና በሚደርስበት እንዲሆን ወሰንኩ። ቅጹ ላይ ከአሥር ሰዓት በኋላ ያሉትን ሳጥኖች «እንደ ላይኛው» እያልኩ ሞላሁ። የቢሮው መኪና በአሥር ሰዓት ይመለሳል። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈልጌ አጥቻለሁ።

ጣቢያው ሥራ ሲጀምር የእህቴን ባል ጥበቃ አድርጌ ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ። ሠራተኞቹ «ቴርሞሜትር» ይሉታል፤ ረጅሙ የሙቀት መለኪያ ከተሰበረ ወዲህ ክንዱን እስከ ብብቱ ክምሩ ውስጥ እየከተተ ሙቀቱን ስለሚናገር ነው። ስቆጣው «ከናንተ ብረት የኔ ክንድ ይሻላል፤ ቢያንስ ሲቃጠል ይጮኻል» ብሎኛል።

ባለፈው እሑድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እህቴ ደወለችልኝ። ጣቢያው ስደርስ ነበልባል አልነበረም። ጢስ ብቻ። ወደ ሰማይ አልወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ በአጥሩ ሥር አልፎ በልብስ ሰፊዋ መስኮት ይገባ ነበር። ቆሜ አየሁት። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ወረቀቴ ላይ በተቃራኒው ነበር የሚሄደው። የእህቴ ባል በራቸውን ሰብሮ በጀርባው አዝሎ አወጣቸው። ትንፋሽ አልነበራቸውም።

በማግስቱ እሳቱን ያስነሣኸው አንተ ነህ ተብሎ ተያዘ። እህቴ ታላቄ ናት፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። «አንተ ብቻ ሂድና እውነቱን ንገራቸው፣ የኔ ጌታ» አለችኝ። የመጣሁት ለዚህ ነው።

ክምር ማንም ሳይለኩሰው ከውስጡ ሊቀጣጠል እንደሚችል አስረድቻለሁ። ማገላበጫው ማሽን ከተበላሸ ዘጠኝ ሳምንት ሆኖታል፤ ያልተገላበጠ ክምር ሆዱ ውስጥ ሙቀት ያጠራቅማል። ጢሱን ወደ ሟች ቤት የላከው ደግሞ የእኔ ቅጽ ነው። መርማሪው ነፋሱ ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደሚዞር አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ፣ አውቅ ነበር። ማን እንደነገረኝ ጠየቀኝ። የእህቴ ባል ነው። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ አመሻሽ ላይ፣ ክምሩ አጠገብ ቆመን ሳለ «አንተ ምሁር፣ ነፋስ እንዳንተ የቢሮ ሠራተኛ መሰለህ እንዴ፣ በአሥር ሰዓት ፈርሞ የሚወጣ? ይኸው እይ!» ብሎ የሲጋራውን ጢስ እፍ አለው። ጢሱ ወደ ታች ሄደ። ሁለታችንም ሳቅን። ቅጹን አላስተካከልኩም።

መርማሪው እዚህ ላይ መጻፉን አቆመ። ከዚያ «ክምሩ አጠገብ ያጨሳል ማለት ነው?» አለኝ።

የተናገርኩት ስለ ነፋሱ ነው አልኩ። ጥያቄው በድጋሚ ቀረበልኝ። አዎ፣ ያጨሳል። አመሻሽ ላይ ነው? አዎ። እሑድ ዕለት ሲያጨስ አላየሁም። እሳቱ ከውስጥ ነው የተነሣው ብዬ አምኜ ነው የመጣሁት። አሁንም አምናለሁ። አምናለሁ ማለቴ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። ስለ ሲጋራው ያልኩት እንዲሰረዝም ጠይቄ ነበር። ሐሰት ነው ወይ ተባልኩ። ሐሰት አይደለም። እንግዲያው አይሰረዝም ተባልኩ። የነፋሱ ቅጽ የመሥሪያ ቤቴ ጉዳይ እንጂ የዚህ መዝገብ ጉዳይ እንዳልሆነም ተነግሮኛል።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። ካልኩት የተጨመረ የለም፤ የጎደለም የለም። እውነት ነው ብዬ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ፈርሟል
የመርማሪ ፊርማ፦ ፈርሟል

የመዝጋቢው ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪው ፈርሞ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቅ የቆየችው እህቱ ተነሥታ «ነገርካቸው አይደል? መቼ ይለቁታል?» አለችው። በሩ ተዘጋ።