በዱባው ላይ ስለነበረው ጥላ

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ በግቢው «ምሩቁ» የሚባለው
ዕድሜ፦ 24
ሥራ፦ በእርሻ ሳይንስ የተመረቀ፣ ሥራ ፈላጊ
አድራሻ፦ ከአናጺው ሱቅ ጀርባ፣ ምድር ቤት፣ አክስቱ ዘንድ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ጠዋት
ከሳሽ፦ የምስክሩ አክስት
ተጠርጣሪ፦ አናጺው

ከሳሽ የእናቴ ታናሽ እህት ስትሆን፣ ከተመረቅሁ ወዲህ የምኖረው እሷ ጋ ነው። ተጠርጣሪውን በጉርብትና አውቀዋለሁ፤ ጠብ የለንም። ከእሁድ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ እንዳልዞረ ተጠይቄ ተናግሬያለሁ።

ግቢያችን በሦስት በኩል በፎቅ የተከበበ በመሆኑ ጓሮው ፀሐይ የሚያገኘው ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻ ነው። ዱባ ደግሞ ፀሐይ ይወዳል። ሆኖም በእንዲህ ያለ ቦታም ግዙፍ ዱባ እንደሚበቅል ለማሳየት ፈልጌ ግንቡን ኖራ ቀባሁ፤ የአክስቴን ቁም ሣጥን የመስታወት በር አስፈቅጄ ነቅዬ ብርሃኑን ወደ ቅጠሎቹ እንዲመልስ አቆምኩት። ከሐረጉ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ቀጠፍኩ። ውኃ ስሸከም ትከሻዬ አለቀ። ፍሬው ሁለት ሰው ቢያቅፈው እጅ ለእጅ የማይገናኝበት ሆነ። የዘር ማባዣ ጣቢያው ኃላፊ «እውነት በዚያ ጓሮ ካበቀልከው ለቅዳሜው የዱባ ውድድር አምጣው፤ ስለ ሥራም እንነጋገራለን» ብለውኝ ስለነበር ተስፋዬ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። አክስቴም ከእኔ ባልተናነሰ ደክማበታለች።

እዚህ ላይ እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው፣ ፀሐይ የሚፈልገው ቅጠሉ እንጂ ፍሬው አይደለም። ፍሬውን ፀሐይ በቀጥታ ከመታው ቆዳው ይደርቅና ከውስጥ ሲፋፋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የአክስቴን ጃንጥላ ከላዩ ተክለንበት ነበር። ምክንያቱን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ተጠርጣሪው ሣንቃዎቹን ዝናብ እንዳይመታበት ከሱቁ እስከ ግንባችን ሸራ ወጥሯል። ሸራው የጠዋቷን ፀሐይ እስከ ረፋድ ስለሚከለክል ከአክስቴ ጋር ሲነታረኩ ከርመዋል። «ይሄን ዱባ አንድ ቀን በመጋዝ እከፍለዋለሁ» ብሏል የተባለው እውነት ነው፤ ብሏል። ነገር ግን በዚያው አፉ «የለም፣ በርና መስኮት ላውጣለትና ለምሩቁ ላከራየው፤ ኪራይ ሲያጣ ግድግዳውን እየቀቀለ ይበላል» ብሎ ሁላችንም ስቀናል። አክስቴም ስቃለች።

እሁድ ጠዋት በር ላይ ጫማዬን ሳስር አክስቴ በመስኮት፣ «አንተ ሰውዬ! ይሄን ጥላ አንሳልኝ ስልህ ጆሮ ዳባ ልበስ ትለኛለህ?» አለችው።

«የቱን ጥላ፣ እትዬ?»

«ዱባው ላይ ያለውን ነዋ! ስንት ጥላ አለ?» ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

እሱም «እሺ፣ ለሰላም ሲባል» አለ። እኔ ሸራውን ማለቷ እንደሆነ ስለገባኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አክስቴም የታመመች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሸራው እንደተወጠረ ነው። ጃንጥላው በሥርዓት ተጠቅልሎ የበራችን እጀታ ላይ ተንጠልጥሏል። የረፋዱ ፀሐይም የመስታወቱም ብርሃን ያረፈበት ፍሬ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ተሰንጥቋል። ጣቴን ስሰድ ውስጡ ገባ። የተሰነጠቀ ዱባ ለውድድር አይቀርብም። አናጺው ከሱቁ ደጃፍ «ያላችሁትን አነሳሁ፤ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። አክስቴ ስትመጣ ግን ሆን ብሎ ነው ብላ ከሰሰችው።

ጃንጥላውን ሲያነሳ በዓይኔ አላየሁም። መርማሪው «በእናንተ ግቢ ጃንጥላን ምን ትሉታላችሁ?» ሲሉኝ «ጥላ» ብዬ መልሻለሁ። ተጠርጣሪውም ዝናብ ሲይዘው «እትዬ፣ ጥላ ያውሱኝ» እያለ ይወስድ ነበር። ስለሆነም የተባለውን አደረገ እንጂ ተንኮል ሠራ ብዬ አላምንም። ባልሠራው እንዲታሰር አልፈልግም።

ዛሬ ወደዚህ ስመጣ አክስቴ «የበላህበትን ወጪት እንዳትሰብር» ብላኛለች።

ከዱባው ያወጣሁት ዘር ለኤግዚቢትነት ተይዟል፤ ሲያበቃ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ፤ ተነቦልኝም ያልኩት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ። በመጨረሻም ይህ እንዲጨመርልኝ ጠይቄያለሁ፦ ከላይ የተመዘገበው አድራሻ የአክስቴ ቤት ነው። ከዛሬ በኋላ ተፈልጌ እዚያ ካልተገኘሁ፣ አዲሱን ራሴ መጥቼ አስመዘግባለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ ____________