ያልመጣ ሰው የሚመረጥበት ቦርድ

ክቡራትና ክቡራን፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ወሬ ላቃና። «እትዬ እታፈራሁ ከትምህርት ቤቱ ቦርድ የወጣችው ጆሮዋ ስለደከመ ነው፤ የሚባለውን አትሰማም» ይባላል አሉ። አሉ ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ በራሴ ጆሮ ሰምቼዋለሁ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ በሹክሹክታ ሲጫወቱት ሰማሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ሁለቱም እዚህ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ አንደኛዋ ግን አሁንም ነጠላዋን እያስተካከለች ነው።

ጆሮዬ ደኅና ነው። የወጣሁት ዘመኔ ስላለቀ ነው። ደንቡ ከሁለት ዙር በላይ አይፈቅድም። ደንብ ሲከበር ማየት እንግዳ ነገር ስለሆነብን ሌላ ምክንያት ተፈለገለት።

አሁን ወደ ምስጋናው። ይህን ሽኝት ላሰናዳልኝ ለርእሰ መምህራችን ለአቶ ሄኖክ፣ ክፍሉን ጠርገው ወንበር ለደረደሩት መምህራን፣ ምሳውን ለሠሩት እናቶች እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ጋቢውም አመሰግናለሁ። ለአንኮበር ብርድ ከምስጋና ወረቀት ጋቢ እንደሚሻል ያሰበው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አስተዋይ ሰው ነው።

ሄኖክን በልጅነቱ አስተምሬዋለሁና አንተ ብለው አትቀየሙኝ። ትናንት ቤቴ መጣና «እትዬ፣ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ይሰናበቱን፤ አዲሶቹንም የቦርድ አባላት ያስተዋውቁልን። አጠር ቢያደርጉት ደግሞ ደስ ይለናል» አለኝ። መሰናበቱ ቀላል ነው። ማስተዋወቁ ግን አስቸገረኝ። ሰው የሚተዋወቀው ሲገናኝ ነው። የእኛ ቦርድ መቼ ይገናኛል?

ምርጫው እንዴት እንደተካሄደ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ያለፈው ሳምንት ነው፤ እዚሁ ነበራችሁ። ላልነበሩት ልንገር። በእኛ ቀበሌ ወላጅ ይሰበሰባል፤ ጥቆማ ይጠየቃል። የተጠቆመ ሁሉ ተነሥቶ እምቢ ይላል። አንዱ ወገቤን፣ አንዱ እርሻዬን፣ አንዱ ሚስቴ ታማብኛለች ይላል። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ መታመሟን ከእኛ ጋር እኩል ትሰማለች። ጀምበር ታዘቀዝቃለች። ሰዉ ከብቶቹን ያስባል። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ድምፅ ይመጣል።

«ይርጋ ይሁን።»

«ይርጋ እኮ አልመጣም።»

«ታዲያ ማን እምቢ ይላል?»

ይጨበጨባል። ምርጫው አለቀ፤ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሄደ ማለት ነው።

ይህን ልማድ ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔም መጀመሪያ የተመረጥኩት ዐይኔን ለመታከም ደብረ ብርሃን ሄጄ ሳለ ነው። ስመለስ ጎረቤቴ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ፤ ስለ ዐይኔ መስሎኝ አሜን አልኩ። አሜን ያለ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ አይልም፤ ስብሰባውን አንድ ቀን ሳላጓድል መጣሁ። ሌሎቹ ግን አልመጡም። ለምንስ ይመጣሉ? የተመረጡት ባለመምጣታቸው ነው። የተመረጡበትን ሥራ በትጋት እየሠሩ ነው።

ትስቃላችሁ። እኔም ከዚህ በፊት እስቅ ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ግን ሳቁ ቀርቶብኛል።

በመጋቢት የሰባተኛንና የስምንተኛን ክፍል ጣራ ነፋስ ገንጥሎ ገደል ከተተው። ልጆቹ በፈረቃ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ቆርቆሮ ተሰጠን፤ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ተደርድሯል። ባሕር ዛፍ ያላቸው ሰዎች ቁረጡ ብለው ፈቀዱ። የቀረው ቦርዱ ተቀምጦ ማን እንጨት እንደሚያወርድ፣ ማን ጣራ ላይ እንደሚወጣ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ መወሰን ብቻ ነው። ቦርዱ አምስት ሰው ነው። ለመወሰን ሦስት ይበቃል። ሦስት ጊዜ ጠራን፤ ሦስቱንም ጊዜ የመጣነው እኔና ሄኖክ ነን። ሄኖክ ሻይ ያፈላል፤ እንጠጣለን፤ ስለ ዝናቡ እናወራለን፤ እንበተናለን። በዚህ መካከል አንዲት ድመት ቆርቆሮው ላይ ወለደች። እስካሁን በዚያ ቆርቆሮ የተጠቀመ ፍጡር እሷ ብቻ ናት።

ከወረዳ የመጡትም ሰዎች ሳይሸፋፍኑ ነግረውናል። እስከ መስከረም ጣራው ካልተመለሰ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ወደ ጎረቤላ ይዛወራል። ጎረቤላ ለመኪና ቅርብ ነው። ለእኛ ልጆች ግን ወንዙን ተሻግሮ፣ በጉም ውስጥ ዳገቱን መውጣት ነው። ያ ካልሆነ ቤት ተከራይቶ፣ እሑድ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ መሄድ ነው። ለወንዶቹ ይከብዳል። ለሴቶቹ ትምህርቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ የየቤታችሁን ደጅ ማየት ይበቃል።

እንግዲህ ላስተዋውቅ። እኔ የተማርኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ መምህራችን ቀልድ አያውቁም ነበር። ስም ሲጠሩ ተቀምጦ አቤት ማለት የለም። ትነሺያለሽ፣ ቀና ትያለሽ፣ አለሁ ትያለሽ። ድምፅሽ ካነሰ እንደገና ትጠሪያለሽ። «ያልተሰማ አልመጣም» ይሉ ነበር። ዛሬ በእሳቸው ሥርዓት እሄዳለሁ። ስሙን የጠራሁት ይነሣልኝ።

ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ። እርስዎ ተቀምጠውም ይፈቀድልዎ ነበር፤ አንዴ ከተነሡ ግን ይቁሙ። የታችኛው አጥቢያ አገልጋይ ናቸው። ባለፈው ቦርድም ነበሩ፤ አሁንም ተዝካር ላይ ሳሉ ተመርጠዋል። ስብሰባ የመጡ ዕለት በጸሎት ይከፍቱልናል። አሜን ብለን ዐይናችንን ስንገልጥ የሉም። አንድ ቀን በሩ ላይ ደረስኩባቸውና «አባቴ፣ የከፈቱትን ማን ይዝጋው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ የእግዚአብሔር በር አይዘጋም» አሉኝ። መልሱ ጥሩ ነው፤ ቤቴ ሄጄም አሰብኩበት። ጣራ ግን አይሆንም።

ይርጋ። የታለ ይርጋ? ድምፅህን ከፍ አድርገው፤ ተሳፋሪ ስትጠራ እንዲህ አታንስም። ይርጋ ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ሚኒባስ ይነዳል። እሱም ባልመጣበት ሲመረጥ ሁለተኛ ጊዜው ነው። መኪናው ጢም ብሎ ሲሞላ «ለአንድ ሰው ቦታ አለ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ» ይላል። እኛ የለም እንላለን። እሱ ግን ያገኛል፤ ሰውዬውም ይሳፈራል። ቦታ ከሌለበት ቦታ የሚያወጣ ሰው፣ ለልጆቻችን አንዲት ሰዓት ከየት ላምጣ ይለኛል።

አቶ ሚኪያስ፣ የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ፤ ሰብሳቢያችንም እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ሕዝብ አልመረጣቸውም፤ በሥራቸው የተመደቡ ናቸው። ስልክዎ እየጠራ ነው፤ ይመልሱት፣ እንጠብቃለን።

ጨረሱ? ስብሰባ ላይ ነኝ ብለው ዘጉት፤ ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ደኅና ነው ብያችኋለሁ። እኔም ስደውል የሚመልሱልኝ ያንኑ ነው። ሰብሳቢያችን ከእኛ በቀር ከሁሉም ጋር ይሰበሰባሉ። ሥራ እንደሚበዛባቸው፣ ቤተሰባቸው ደብረ ብርሃን እንደሆነና ቅዳሜ ማታ ወደዚያ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ዛሬም ቅዳሜ ስለሆነ ነው የምናገረው።

ሄኖክን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በደንቡ ጸሐፊው እሱ ነው፤ ሻዩንም የሚያፈላው እሱ ነው።

አምስተኛዋ ፍቅርተማርያም ናት። ተነሺ፤ ሕፃኑን እንደያዝሽው ተነሺ። በእኔ ቦታ የገባችው እሷ ናት። አዲስ አባላት አስተዋውቂ ተባልኩ እንጂ አዲስ የምትባለው እሷ ብቻ ናት። በዚህ ቀበሌ እኔ በማውቀው ዘመን ሁሉ፣ በተገኘችበት ስብሰባ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሰውም እሷ ናት።

ያን ቀን ሁሉም እምቢ ብሎ ሲጨርስ ከኋላ እጇን አወጣች። አቶ ሚኪያስ ማንን ልትጠቁሚ ነው አሏት። ራሴን አለች። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ከፊቴ የነበረ ሰውዬ ዞሮ «ምን አስቸኮለሽ? ሕፃኑ ገና ጡት አልጣለ» አላት። የመለሰችውን ቃል በቃል እነግራችኋለሁ፤ እዚህ ያላችሁ ሳትሰሙት ሄዳችኋል ብዬ ስለምሠጋ ነው።

«መቅደስን ዳገቱ ወሰደብኝ። ሊያን አልሰጠውም።»

ሳቁ ቆመ። መቅደስን ታስታውሳላችሁ፤ የፍቅርተማርያም የበኩር ልጅ ናት። ሒሳብ የምትወድ፣ ካልገባት የማትለቅ ልጅ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ጎረቤላ ቤት ተከራይታ ገባች። እናቷ ስንቋን ቋጥራ እስከ ወንዙ ትሸኛት ነበር። ለገና መጣች፤ አልተመለሰችም። ከፋሲካ በኋላ ተዳረች። ያኔ ቢያንስ ዐሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ታናሿ ሊያ ስድስተኛ ክፍልን ዘንድሮ ትጨርሳለች። ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ነው። ጣራው ካልተሠራ ያንን ዳገት በመስከረም የምትወጣው እሷ ናት። ሊያ ብቻም አይደለችም፤ የቄስ ገብረመንፈስቅዱስ የልጅ ልጅ እዚያው ክፍል ናት። የይርጋም ልጅ አጠገቧ ትቀመጣለች።

አሮጊቷ መረረች ትሉኝ ይሆናል። መርሬያለሁ። የሚያናድደኝ ግን አለመቻላችሁ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር፤ ለማይችል ሰው ይታዘንለታል። እንደምትችሉ ግን በዐይኔ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ፣ በሐምሌ፣ ሁላችንም በአጋጣሚ እዚህ ሳለን ዝናብ ዘጋብን። ወንዙ ሞላ፤ ማንም መሄጃ አጣ። አቶ ሚኪያስ ስልክዎ ኔትወርክ አልነበረውም። ምን እናድርግ? ተሰበሰብን። በዚያች ከሰዓት በኋላ የአጥሩን ነገር ወሰንን፣ የሴት ልጆችን መጸዳጃ ቤት ወሰንን። ይርጋ ድንጋዩን በመኪናዬ አመላልሳለሁ አለ፤ አመላለሰም። ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ምእመኑን አስተባብረው ጉድጓዱን አስቆፈሩ። አቶ ሚኪያስ ግንበኛ ከጫጫ ከተማ አስመጡ። ዝናቡ ሲያባራ አዝኜ ነበር። ዛሬም ደመና ባየሁ ቁጥር ቦርዳችን ትዝ ይለኛል። ሰው ቦርዱን ለማሰብሰብ ጎርፍ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት?

የአዲሱ ቦርድ የመጀመሪያ ስብሰባ ነገ እሑድ ነው፤ በአራት ሰዓት፣ ከቅዳሴ በኋላ። ዝናቡ ሳይበረታ ጣራው እንዲመታ ከተፈለገ ከነገ ሌላ ቀን የለም። ምክንያቶቹን ከወዲሁ ሰምቻለሁ። ቄስ ዝክር ተጠርተዋል። ይርጋ ሰርገኛ ያመላልሳል። የአቶ ሚኪያስን ነግሬያችኋለሁ። ሄኖክ ይመጣል፤ ትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ ስለሚኖር የትም አያመልጥም። ፍቅርተማርያም ከመጣች ሁለት ሆኑ። ከሦስታችሁ የሚፈለገው አንድ ሰው ነው። ሦስታችሁም ኑ አላልኩም፤ ለዚያ ዕድሜ አይበቃኝም። አንዳችሁ ኑ። ማን እንደሚመጣ ዛሬ እዚሁ ሳትለያዩ ተነጋገሩ፤ ካቃታችሁ ዕጣ ጣሉ። ያልመጣ ይምጣ ብላችሁ ግን እንዳትወስኑ።

ስለ ፍቅርተማርያምም ልጨምር። ከምርጫው በኋላ ጠርቻት እሑድ ትመጫለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ደስ ይለኝ ነበር፣ ሕፃኑን ማን ላይ ልጣለው አለችኝ። ባሏ ለቀን ሥራ ቆላ ወርዷል። ከምርጫው በፊት በነበረው የወላጆች ስብሰባ ይዛው ገብታ፣ ሲያለቅስ አስወጥተዋታል። ያስወጧት ሰዎች ያን ቀን ምን እንደተወሰነ ዛሬ ብትጠይቋቸው አያስታውሱም።

አብቅቻለሁ። ተቀመጡ፤ አቆየኋችሁ።

ቄስ፣ ጸሎትዎ ይረፍልን፤ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ይርጋ፣ ጉሙ ይገለጥልህ፤ ፍሬንህ አይክዳህ፤ የጫንከውን ሁሉ በሰላም አድርስ። አቶ ሚኪያስ፣ ልጆችዎን በወግ በማዕረግ ይዩ። ሄኖክ፣ ልጄ፣ ብቻህን ከመቀመጥ ይሰውርህ። መምህራን፣ ያስተማራችኋቸው ከእናንተ በልጠው ይምጡና በፊታችሁ ይቁሙ። እናቶች፣ ሴት ልጆቻችሁ ደጃችሁ ተምረው ሩቅ ይድረሱ፤ የሄዱት ሁሉ ይመለሱላችሁ። በእኔ የተቀየማችሁ ይቅር በሉኝ። እኔ የተቀየምኳችሁን ደግሞ ከነገ ስብሰባ በኋላ ይቅር እላለሁ።

ከቦርድ የወጣች ሴት ነገ ምን ትሠራለች ብላችሁ እንዳታስቡ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። ጠዋት ዶሮዎቼን እፈታለሁ። ቅዳሴ አስቀድሳለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ወሬ አልሰማም፤ በቀጥታ ወደ ፍቅርተማርያም ቤት እወርዳለሁ። ሕፃኑን እቀበላታለሁ፤ እሷን ቶሎ በይ ብዬ አስወጣታለሁ። ሲርበው ገንፎ እሰጠዋለሁ። ሲያለቅስ አዝለዋለሁ። አልተው ካለኝ ድምፁ እዚህ ድረስ እንዳይሰማ ወንዙ ዳር ይዤው እወርዳለሁ። እናቱን ግን ከስብሰባ አላስጠራትም።