ባዶው አንገረብ

ወላሂ ግራ ገብቶኛል። ባለቤቴ የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። ሐኪሙ «መተኛት ድካምሽን ያባብሰዋል፤ በአቅምሽ ተራመጂ» ስላላት፣ ጠዋት ጠዋት ሸራ ጫማዋን አጥልቃ ትወጣለች። አንድ ቀን እሷ እንደወጣች አንገረቧን፣ የገመድ አልጋዋን ማለቴ ነው፣ ፀሐይ እንዲመታው ደጅ አውጥቼ ገበያ ሄድኩ። እዚህ ገዳሪፍ ሬሳ ለቀብር የሚወጣው በአንገረብ መሆኑ እንዴት እንደጠፋኝ! ስመለስ ግቢው በለቅሶ ይናወጣል፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ደረታቸውን ይደቃሉ። «መንገድ ላይ ወድቃ ነው!» ብዬ እኔም አብሬ ጮህኩ። ወዲያው አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ባለቤቴ ናት፣ ላብ በላብ ሆና። «ማን ሞተ?» አለችኝ እያለቀሰች። እትዬ ዘውዴ ደረታቸውን መድቃት ትተው ተቆጧት፤ «ታማሚ አይደለሽም እንዴ? ምን ያዞርሻል? አልጋሽ ባዶ ሆኖ ስናየው ምን እንበል?»

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት እንዳይደነግጥ እሷ ስትራመድ አልጋዋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። የእሷ ጉልበት እየበረታ መጣ፤ የእኔ ወገብ ግን ተያዘ። ጠያቂ ሲመጣ «እግዜር ይማርህ» ይለኛል። «አሜን» ከማለት ሌላ ምን ይባላል?