የባቡሩ ችካል

ባቡር ወደ አገራችን ሳይመጣ የቀረው የዘንገና ሴቶች ችካሉን ስለነቀሉ ነው መባሉ ግፍ ነው። እኔም የዚያው አገር ሴት ነኝና ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁትን እጽፋለሁ። አንድ ተማሪ የድሮውን የባቡር መንገድ ቅየሳ ታሪክ ያጠናል። አጠገቡ የተቀመጡት የዘንገና ሽማግሌ ይነግሩታል።

«ቀያሾቹ በየማሳው የብረት ችካል ተክለው ሄዱ። ሲመለሱ አንድም የለም! ሴቶቹ ለጥጃ ማሰሪያ ወስደውታል። ይኼን ጻፍ ልጄ።»

«እየጻፍኩ ነው አባባ።»

ከኋላ ዶሮ የታቀፈች ሴት ጣልቃ ገባች።

«ቆይ፣ እንዳትጽፍ! አባባ፣ ጥጃ በእንጨት ይታሰር የለም እንዴ? ብረት ምን ያደርግለታል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ለመሆኑ እርስዎ ያን ጊዜ ፈረስ ነበረዎት?»

«እንዴታ! ዳማ ፈረስ ነበረኝ፤ በጉግስ የሚደርስበት የለም። የእንጨት ችካልማ ነቅሎ ይዞ ይጠፋ ነበር።»

«ኋላስ በምን አሰሩት?»

ሽማግሌው በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

«ይመልሱላት እንጂ አባባ» አለ ተማሪው። «እርስዎም ነቅለዋል ብዬ ልጻፍ?»

«ምን ነቀልኩ! ለፈረስ ሲሆን መዋስ ነው። ባቡሩ ይምጣና ያን ጊዜ እመልሳለሁ!»

ዳንግላ እስክንደርስ ነጠላዬን ከአፌ ላይ አላነሣሁም።